ለነፋስ የተሰጠ ኩታ

በዚህ መስከረም ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ «አናፈሰ» ብዬ ጻፍኩና በቃሉ ዓረፍተ ነገር የሚመሠርት እጁን ያውጣ አልኩ። የመጀመሪያው ልጅ ወሬ ማናፈስ መጥፎ ነው አለ። ቀጥላ የተነሳችው ቱሪስቶች ለመናፈስ ወደ ሳንቃ በር ይሄዳሉ አለች። ከኋላ የተቀመጠ አንዱ «ፍሬሽ ኤር» የሚል ነገር ጨመረበትና ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ እጁን ያወጣ ሁሉ ወይ ወሬ ነው ወይ ሽርሽር። ልብስ ያለ አንድም ልጅ የለም። ደባርቅ ተወልደው፣ ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ጋቢ ተከናንበው ያደጉ ልጆች ናቸው እኮ። እናቶቻቸው በዚያው ሳምንት አጥር ሞልተው ልብስ አውጥተዋል፤ ስመጣ በመንገዴ አይቻለሁ።

ደሜ ፈላ። ጠመኔውን ወርውሬ እንዳልወጣ አስተማሪ ነኝ። በእረፍት ሰዓት ይህንኑ ለባልደረቦቼ ስናገር፣ አንዱ ሻዩን ፉት እያለ፣ አንቺ ደግሞ በሆነ ባልሆነው ትናደጃለሽ፣ ወጣ ብለሽ ተናፈሺ አለኝ። ይህችን ምክር እናቴ ከሞተች ወዲህ ያልመከረኝ ሰው የለም። ስናደድ ተናፈሺ፣ ሳለቅስ ተናፈሺ፣ ዝም ስልም ተናፈሺ። እኔ ጋቢ ነኝ እንዴ?

በእኛ ቤት ማናፈስ ሥራ ነበር፤ እንደ አጨዳና እንደ ውቂያ ወቅት ያለው ሥራ። ማጠብ አይደለም፣ ውኃ አይነካውም። ማድረቅም አይደለም፣ የሚናፈሰው ልብስ በእጅ ሲዳሰስ ደረቅ ነው። ሳጥን ውስጥ ታምቆ ከርሞ እምክ እምክ የሚለውን ሽታ ነፋስ ይዞት እንዲሄድ፣ ልብሱን ግን እንዲተውልን ማውጣት ነው። በልጅነቴ ምን ማለት እንደሆነ እናቴን ጠይቄያት፣ ለነፋስ ሰጥቶ መልሶ መውሰድ ነው ብላኛለች። እስካሁን ከዚያ የተሻለ ፍቺ አላገኘሁም። የዛሬ ሰው ቃሉን ሲጠቀም መልሶ መውሰዱን ረስቶታል፤ ወሬውንም ራሱንም በትኖ ይቀራል።

ክረምት እኛ አገር በር ዘግተው የሚያሳልፉት ነገር አይደለም፣ በበሩ ሥር ይገባል። ጉሙ ከገደሉ ሥር ይነሳና ከሰዓት በኋላ ከተማው ውስጥ ሰተት ብሎ ይመጣል። ጨው ሳይቀር ውኃ ያወጣል። ሳጥን ውስጥ ያለ ልብስ ቶሎ ካልተደረሰለት ይሻግታል። ስለዚህ መስከረም ጠብቶ ሰማዩ በደንብ የጠራ ቀን፣ እናቴ የቆርቆሮ ሳጥኗን በሯ ላይ ጎትታ ታወጣና ልብሱን አንድ በአንድ የባሕር ዛፍ አጥሩ ላይ ትዘረጋለች። በየእጥፋቱ ያስገባችውን ጦስኝ አራግፋ ድንጋይ ላይ ታጠራቅመዋለች። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሁሉንም ትገለብጣለች። አንድ ፊቱ ብቻ ነፋስ ያገኘ ልብስ ጭራሽ ባይወጣ ይሻል ነበር ትላለች። ጉሙ ብቅ ከማለቱ በፊት ሰብስባ ታስገባለች። እስከዚያ ድረስ ከአጠገቡ አትነሳም፤ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን እያሾረች ትጠብቃለች።

ከሁሉ በፊት ከሳጥኑ የሚወጣው መገነዣዋ ነበር።

እናቴ ስትሞት የምትገነዝበትን ኩታ ያሠራችው እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ነው። ጥጡን ከቆላ ነጋዴዎች ገዛች፤ ፍሬውን በእጇ ለቅማ፣ በእጇ አባዝታ፣ በእጇ ፈተለችው። ጠላ እየጠመቀች የምታሳድገኝ ሴት ነበረችና የምትፈትለው ጠጪው ከሄደ በኋላ ነው። ድሩንና ማጉን ይዛ ዳባት ወረደች፤ ሸማኔው ጥለቱ ምን ዓይነት ይሁን ሲላት ጥለት የለውም አለችው። ቁመቱን ስትነግረው ደግሞ ሸማኔው ከእግር እስከ ራሷ አያትና፣ እትዬ ይህ እኮ ለሁለት አንቺ ይበቃል አላት። ራስጌና ግርጌው መቋጠር አለበት ስትለው ያን ጊዜ ገባውና ቀልዱን ትቶ ዕድሜ ይስጥሽ አላት። ይህን ታሪክ እየሳቀች ነበር የምትነግረኝ።

ስለ ራሷ እናት ስትነግረኝ ግን አትስቅም። አያቴ ደረስጌ አካባቢ በክፉ ቀን ነው የሞተችው፤ ቤቱ ውስጥ የቀረ ልብስ ስላልነበረ ጎረቤት ለምነው ባመጡት ነጠላ ተቀበረች። የሰው ልብስ ለብሳ ወደ አምላኳ ሄደች ትል ነበር እናቴ። ከዚህ ዓለም የምትፈልገው ነገር ምንድነው ቢሏት፣ ቤት አትልም፣ ላም አትልም፤ በእጄ በፈተልኩት መቀበር ነው የምትለው። ሌላ ነገር ስትጠይቅ ሰምቻት አላውቅም።

እኔ ደግሞ ያንን ኩታ እጠላው ነበር። በየዓመቱ የእናቴ ሞት አጥራችን ላይ ተሰጥቶ የሚውል ይመስለኝ ነበር። መንገደኛው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሲያልፍ አይቶት ገና ያቆይሽ ይላታል፣ እሷም አሜን ትላለች፤ ስለ ገብስ አዝመራ የሚያወሩ ነው የሚመስለው። አንዴ ተናድጄ ቢያንስ ከጓሮ አናፍሺው አልኳት። ጓሮ ነፋስ የለም አለችኝ። በቃ። ከእሷ ጋር ክርክር እንዲህ ነው የሚያልቀው።

ጦርነቱ ወደ እኛ የቀረበ ዓመት መስከረም እንደ መስከረም አልነበረም። ከዳባት በኩል መድፍ ይሰማል። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከቆላው ተፈናቅለው በመጡ ሰዎች ሞልቶ፣ ወንበሮቹ ዝናብ ላይ ወጥተው ተከምረዋል። እኛ አስተማሪዎቹ ውኃ እንቀዳለን፣ ሽሮ እንሠራለን፣ የታመመ እንደግፋለን። ሬዲዮኑ ቀን ከሌት ወሬ አታናፍሱ ይላል። ሰዎቹ በለበሱት ነው የመጡት፤ ሌሊቱ ደግሞ የደባርቅ ሌሊት ነው፣ ቆላ ለለመደ ሰውነት ቢላዋ ነው። ልብስ ይሰብሰብ መባሉ ትክክል ነበር። በዚህ ላይ ማንንም አልከስም።

የምከሰው ሌላ ነገር ነው። የሰፈሩ ኮሚቴ በድምፅ ማጉያ እየዞረ፣ የምትሰጡትን ልብስ ነገ ጠዋት አጥራችሁ ላይ አውጡት፣ ወጣቶች በጋሪ ይሰበስቡታል ብሎ አስነገረ። በመስከረም። አገር ምድሩ ልብሱን አጥር ላይ በሚያወጣበት ወር፣ ደግሞም ከዝናቡ በኋላ ሰማዩ ገና በጠራበት ቀን። ይህን ያሰቡት ሰዎች የሌላ አገር ሰዎች አይደሉም፤ እናቶቻቸው ልብስ ሲያናፍሱ እየተላኩ ያደጉ ናቸው። አንድ ሰው እንኳ ከመሀላቸው ቆይ እስቲ፣ የሚሰጠው ከሚናፈሰው በምን ይለያል አላለም። ዛሬም ሳስበው ጥርሴን ያፋጨኛል።

እናቴ ማስታወቂያውን ሰምታለች። ከበሩ አጠገብ ባለው አጥር የምትሰጠውን ሹራብና ብርድ ልብስ አንጠለጠለች። ኩታዋን እንደ ወትሮው በጎን በኩል ባለው አጥር ዘረጋች። ለእሷ ልዩነቱ ግልጽ ነበር። ያን ቀን እንዳታወጣው ልላት ይገባ ነበር የምትሉኝ እንደሆነ፣ እኔ ሳይነጋ ነው ወደ ትምህርት ቤት የሄድኩት፤ እሷም ብትሆን ክረምቱን ሙሉ የጠበቀችውን ፀሐይ ለማንም ብላ አታሳልፍም። እንደ ልማዷ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ረፋዱ ላይ ከጎረቤት ጩኸት ተሰማ፤ ግንባር የነበረው የልጃቸው መርዶ መጥቶ ነው። እንዝርቷን ጥላ ሮጠች። መርዶ ሲሰማ ልብስ ለማስገባት የሚቆም ሰው የለም፣ ቢኖርም ሰው አይባልም።

ስትመለስ አጥሩ ባዶ ነበር። በበሩ በኩል ያለውም፣ በጎን በኩል ያለውም።

አመሻሽ ላይ ቤት ስደርስ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጉሙ ገብቷል። ጦስኙ እንደተጠራቀመ አጠገቧ አለ። ምን ሆነሽ ነው ብርድ ላይ የተቀመጥሽው አልኳት። ወሰዱት አለች። እኔ ነኝ የጮህኩት።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ቤት በዚያው ሄድኩ። ራት ላይ ነበር። ብዙ ልብስ ነው የተሰበሰበው፣ ሲመጣ ሲመጣ ታድሏል፣ የማን ምን እንደነበር የሚያውቅ የለም አለኝ። የአንዱ የሰርግ ሱፍ፣ የሌላው የልጅ ክርስትና ልብስ ሳይቀር ሄዷል፣ የናንተ ብቻ አይደለም ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። ምልክት ብታደርጉበት ጥሩ ነበር አለ ቀጥሎ። መገነዣ ላይ ምን ተብሎ ነው ምልክት የሚደረገው ብዬ ጠየቅሁት። ይሄ ሁሉ ለወገን ነው እህቴ አለኝ እጁን እየታጠበ። ያን ጊዜ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ግን አንዱንም ቃል አልጸጸትበትም።

በማግስቱ እናቴን አስከትዬ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ክፍል በክፍል ዞርን። ያገኘነው እኔው በማስተምርበት ክፍል፣ ከሰሌዳው ሥር ነው። ከእናቴ በዕድሜ ብዙ የማትርቅ አንዲት ሴትዮ ተከናንባዋለች። ጥለት የለውም። ስትነሳ ጫፉ የክፍሉን አቧራ ይጠርጋል። አብሯት የመጣ ዘመድ እንደሌለ፣ ቤቷ ከነንብረቱ እንደተቃጠለ ቀደም ብዬ ሰምቼ ነበር፤ ሽሮ ስናድል ከሰልፉ ኋላ ነበር የምትቆመው። ወደ እሷ አንድ እርምጃ እንደተራመድኩ እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ደጅ ጎተተችኝ።

«ምን ልትያት ነው?» አለችኝ።

ልብሱ ያንቺ መሆኑን ነዋ የምነግራት አልኩ።

«የሬሳ ልብስ ለብሰሻል ልትያት ነው? ቤቷ ተቃጥሎባት፣ አገሯን ጥላ መጥታ፣ አሁን ደግሞ ይህን ልትሰማ?»

እውነቷን ነበር። እኛ ዘንድ የሰው መገነዣ በቁም መልበስ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሞትን በራስ ላይ መጥራት ነው የሚባለው። ሳልነግራት ብወስደው ደግሞ የተፈናቃይ ልብስ ከትከሻዋ የገፈፈች አስተማሪ መሆኔ ነው። ነግሬ ብወስደው አስደንግጬ ልገድላት እችላለሁ። በየትም በኩል ባዞረው መውጫ የለውም፣ መውጫ ማጣቱ ደግሞ ይበልጥ አበገነኝ።

«አንቺስ?» አልኳት እናቴን።

«እኔ ገና አልሞትኩም» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ትምህርት ቤቱን አዘወተረች። ዳቦም ቆሎም ይዛ ትሄድና ከሴትዮዋ ጎን ትቀመጣለች። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቀስ ብላ ልትነግራት ነው ብዬ። አልነበረም። ፀሐይ ሲወጣ ኩታሽን አናፍሺው እንጂ፣ የዚህ አገር ጉም የዋዛ አይደለም እያለች ትመክራታለች አሉ። አንድ ቀን ራሴ አየኋቸው። ሁለቱ አሮጊቶች የትምህርት ቤቱን አጥር ተደግፈው ኩታውን ዘርግተውታል፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ በሁለት ጫፍ ይዘው ገለበጡት። ከዚያ ቁጭ ብለው ወሬያቸውን ቀጠሉ። ተናድጄ ሳልጠራቸው ተመለስኩ። ማታ እናቴን፣ እንግዲህ ልብስሽን ልታዪው ነው የምትሄጂው ወይስ ሴትዮዋን አልኳት። ለነገ የምትወስደውን ቆሎ መቁላት ጀመረች።

ጊዜው እየረጋ ሲሄድ ሰዎቹ ቀስ በቀስ ወደየአገራቸው ተመለሱ። ሴትዮዋ የምትመለስበት አልነበራትም። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ ቆሎ እየሸጠች ቀረች። ከኩታው በቀር የሚሞቅ ነገር ስለሌላት ክረምት ከበጋ እሱኑ ትለብሳለች፤ ገበያ ላይ ባየኋት ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ። እናቴ ሌላ መገነዣ ለመፍተል ጀምራ ነበር። ጣቶቿ ግን ተቆልምመዋል፣ ዓይኗም ከድቷታል፤ ክሩ እየወፈረ፣ እየተበጠሰ አስቸገራት። ከጎንደር የተሠራ ልግዛልሽ ስላት ግድ የለም ትለኛለች። ባዘቶው በቅርጫት እንዳለ ቀረ።

በቀጣዩ ክረምት ታመመች። ክረምቱን ሙሉ በብርድና በሳል ስትማቅቅ ከርማ ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ሳይፈታ አረፈች። ከማረፏ በፊት ባለው ቀን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ሄደሽ እንዳትቀበያት ብላኛለች። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እሺም አላልኳት።

ጠዋት ጎረቤት ተሰበሰበ። ሴቶቹ ገላዋን አጠቡ። ካህኑ መገነዣ አቅርቡ ሲሉ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ ምክንያቱም ሰፈሩ በሙሉ ያንን ኩታ ያውቀዋል፣ ዓመት እየጠበቀ አጥራችን ላይ ሲያየው ኖሯል። ያ ኩታዋስ የታለ አሉኝ። በዚያ ሰዓት እንኳ ለማብራራት አፌን ልከፍት ስል የኮሚቴውን ሰብሳቢ ድንኳን ሲተክል አየሁት። ማብራራቱን ትቼ ዝናቡ ላይ ወጣሁ።

ሴትዮዋ በሯን ስትከፍት ኩታውን ለብሳ ነበር። ሳስቷል፣ አንድ ቦታ ላይም ተጥፏል። እናቴ አረፈች አልኳት። ደረቷን መታችና ማልቀስ ጀመረች። እኔ ለለቅሶ አልመጣሁም። እናቴ የተወችውን ቃል ጥሼ ነው የመጣሁት፤ ቀጥ ብዬ የለበሱት የእናቴ መገነዣ ነው አልኳት።

ትደነግጣለች ብዬ ነበር። ልብሱን ከላይዋ ወርውራ የምትጮህ፣ የምትወድቅ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን በኩታው ጫፍ ጠረገች።

«አውቃለሁ ልጄ» አለች። «መጀመሪያ የነካሁት ለት አውቄዋለሁ። ጥለት የለው። ቁመቱን አታዪም? ለቆመ ሰው እንዲህ ይረዝማል?»

ያ ሁሉ ዝምታ፣ እናቴ ሴትዮዋ እንዳትደነግጥ ብላ የደበቀችው፣ እኔ እያረርኩ የቻልኩት፣ ሁሉ ለከንቱ ነበር ማለት ነው።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?» አልኳት።

«ብናገር ትወስጅብኝ ነበራ» አለችኝ። «በርዶኝ ነበር።»

እናቴ እንደማታውቅ ሆና ስትጠይቃት እሷም እንደማታውቅ ሆና እንደኖረች፣ ሁለቱም ኩታውን ሲገለብጡ አንዷ የሌላዋን ዓይን እንደማታይ፣ ይህንን ሁሉ እዚያው በር ላይ ነገረችኝ። እየነገረችኝ ኩታውን ከትከሻዋ አወረደች። ከሥሩ ያለው አንድ ስስ ቀሚስ ነው። ዝናቡ በበሩ ይገባል። አጣጥፋ ሰጠችኝና ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከተተች።

ያዝኩት። የምድጃ ጭስና የጦስኝ ሽታ ነበረው። መውሰድ ነበረብኝ፤ ዛሬም ቢሆን መውሰድ ነበረብኝ እላለሁ። እናቴ ጠጪው ከሄደ በኋላ ዓይኗን አጥፍታ የፈተለችው ነው። በሰው ልብስ አልቀበርም ብላ የፈተለችው ነው። ቤት የተኛችው እሷ ናት፣ የሚጠብቋትም ካህን አሉ። ሴትዮዋ ግን ፊቴ ቆማለች፤ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። እኔ ገና አልሞትኩም ያለችኝ የእናቴ ድምፅ በጆሮዬ መጣ፤ እንደዚያን ቀን በእናቴ ተናድጄ አላውቅም። ኩታውን መልሼ ትከሻዋ ላይ ጣልኩት። ይልበሱት አልኩና ዞር ብዬ ሳላይ ሄድኩ።

እናቴ ከሱቅ በተገዛ አቡጀዲ ተቀበረች። የፋብሪካው ማኅተም ጫፉ ላይ ገና አልጠፋም ነበር፤ ሲቋጥሩት እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ሴትዮዋ ወደ ቀብሩ መጥታ ከሰው ኋላ ቆማ አለቀሰች፣ የኩታው ጫፍ ጭቃ ይጎትታል። ሰዉ አየው። አርባዋ ሳይወጣ፣ ልጅቱ የእናቷን መገነዣ ለተፈናቃይ ሸጠችው የሚል ወሬ ሰፈሩን አዳረሰ። ይህንን ያወሩት ሰዎች ናቸው ድንኳን መጥተው እጄን ይዘው፣ ወጣ ብለሽ ተናፈሺ የሚሉኝ። አንዳቸውም ፊት ለፊት አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር፣ ከኮሚቴው ሰብሳቢ ጀምሬ።

እንግዲህ ባልደረባዬ ሻዩን ፉት እያለ ያንን ቃል ሲወረውርብኝ ይህ ሁሉ ነው የተነሳብኝ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ንዴቱ አልበረደልኝም፤ ቤት ሄጄ ግድግዳ ከማይ ብዬ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ዞርኩ። መንገድ መቀየር ሰልችቶኝ ነበር መሰለኝ።

ኩታው አጥር ላይ ነበር። ብቻውን፤ ሌላ የሚናፈስ ልብስ የላትም። ተጨማሪ ቦታ ተጥፏል፣ ነጭነቱም ሄዷል። ሴትዮዋ ከሥሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እንቅልፍ ወስዷታል፤ አጠገቧ የጦስኝ ክምር አለ። ፀሐይዋ አናት አልፋለች፣ ልብሱ ግን አልተገለበጠም። በወዲያኛው በኩል ጉሙ ከገደሉ ሥር ገና አልተነሳም። አልፌ ልሄድ ነበር። አንድ ፊቱ ብቻ ነፋስ አግኝቶ ማየት ግን አልቻልኩም፤ ቦርሳዬን መሬት አስቀምጬ ገለበጥኩት። ለአንድ ሰው ይከብዳል፣ በሁለት ክንድ መታቀፍ ይፈልጋል።

ዞር ስል ሴትዮዋ ነቅታ ታየኛለች። አላመሰገነችኝም። ዘመድ የለኝም ታውቂያለሽ አለች፤ አውቃለሁ አልኳት።

«ስሞት በዚህ ታስገንዢኛለሽ?» አለችኝ።

እናቴን በአቡጀዲ ያስቀበርኩ ሰው እኔ ነኝ። ይህን እያወቀች ነው የምትጠይቀኝ። ከዚህች ሴትዮ በቀር ይህንን ሊጠይቀኝ የሚደፍር የለም፤ ከእኔ በቀርም የምትጠይቀው የላትም።

«ገና አልሞቱም» አልኳት ተቆጥቼ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ጠጋ እንድትልልኝ ነገርኳትና፣ ጉሙ መጥቶ ኩታውን እስክናስገባ ድረስ አጠገቧ ተቀመጥኩ።